የአልጋ አሥራ አንድ ጠያቂ

ሙሄ አራጌ ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ሰዓት “ተሻለኝ፣ አልሐምዱሊላህ” አለ። አልተሻለውም ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ተኝቶ እያለ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል፤ ከአፉ የሚወጣው ትንፋሽ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ግን የጠየቀው ጠያቂ ነው። ለጠያቂ ደግሞ ሌላ ምን ይባላል?

እህቱ ሩቅያ ከራስጌው ቆማ ሰማችው። ከአልጋው በላይ ያለችው መብራት ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ዞረች። በክንዱ ሲገባ የነበረው የኢንሱሊን ጠብታ ቆመ። ማንም እጁን አላሳረፈበትም፤ ክፍሉ ውስጥ ከሕመምተኞችና ከአስታማሚዎች በቀር ሰው አልነበረም።

“እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ ሙሄ” አለ ከግድግዳው የሚወጣው ድምፅ። “ቃልዎ ተመዝግቧል። አብሽሩ።”

“አላህ ይስጥልኝ፣ ደከማችሁ” አለ ሙሄ ዓይኑን ሳይገልጥ። “ሩቄ፣ ለሰውየው ወንበር አቅርቢለት እንጂ።”

ሰውየው የሚባል የለም። ሩቅያ ግን ወንበሩን ልትስብ እጇን ዘርግታ ነበር። ያን ስታስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። በ2074 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ያለ ጥላ መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው፤ የሙሄ ሥራ ያን ጥላ መስፋት ነው። ከገበያው እስከ መናኸሪያው ከመንገዱ በላይ የተወጠረው ሸራ ግማሹ የእሱ እጅ ነው። ሚስቱ ጦይባ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የላቸውም፤ ብቻውን ይኖራል። እሑድ ጉንፋን ያዘውና ምግብ አስጠላው። ስኳር ከያዘው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሊያውቅ በተገባው ነበር። እሱ ግን “እህል ካልቀመስኩ ስኳሩ ከየት ይመጣል?” ብሎ ኢንሱሊኑን ሳይወጋ ሦስት ቀን ከረመ። ሰውነት ሲታመም መድኃኒቱን ይበልጥ እንደሚፈልግ ስንት ጊዜ ተነግሮታል። ሩቅያ ማክሰኞ ስትደውልለት “ትንሽ ደከም ብሎኝ ነው” አላት። በሙሄ አፍ “ትንሽ ደከም” ማለት መነሳት አቅቶኛል ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ ነበረባት።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ገፍታ ስትገባ አጠገቡ ሁለት ባዶ ጀሪካን አየች። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣና ሲሸና፣ ሲነጋ ደግሞ የጠጣውን ሲያስመልስ ነው ያደረው። ጠርታ ያመጣቻት ሹፌር የሌላት ባጃጅ በሯን ከመክፈቷ በፊት “ተሳፋሪው ያስመልሳል?” ብላ ጠየቀች።

“አያስመልስም” አለች ሩቅያ።

ባጃጇ አመነቻት። ሙሄ መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ወንበሩ ላይ አስመለሰ፤ ከዚያም ባጃጇን ይቅርታ ጠየቃት።

እውነቱን ለመናገር፣ የቦርከና ማዶ ሆስፒታል መጀመሪያ ላይ ሥራውን አሳምሮ ሠራ። በሩ ላይ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን አነበበ፤ አምስት መቶ ስድሳ። ደሙ ውስጥ አሲድ መብዛቱን አነበበ። ተሽከርካሪው አልጋ ራሱ መጥቶ ተሸከመው፤ በሁለቱም ክንዱ ተሰካለት። ሩቅያ ለጎረቤቶቹ “ግሉኮስ ተሰክቶለታል” ብላ ላከች። ለስኳር በሽተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ጨው ያለው ውሃና ኢንሱሊን ነው፤ ሰዉ ግን በደም ሥር የሚገባውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የሚለው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ስኳሩ ወደ ሁለት መቶ ሃያ ወርዶ፣ መብራቷም ከቀይ ወደ ቢጫ ዞራ ነበር። ከዚያ ጠያቂው መጣ።

“መጣ” ማለት ግድግዳው ተናገረ ማለት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይናገራል። ጠያቂ ብለው ስም ያወጡለት በአንድ ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ ስለሚጠይቅ ጠያቂ አሉት፣ አለቀ። አንዳቸውም ታመው ተኝተው አያውቁም እንዴ? አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቃሉን የሚያውቀው በሌላ ነው። ጠያቂ ማለት ሥራውን ጥሎ፣ አንድ ነገር በፌስታል ይዞ፣ ፀሐይ እየበላው የመጣ ሰው ነው። ለእሱ ሕመምህን አትዘረግፍበትም። “ዛሬስ ተሻለኝ” ትለዋለህ፤ እሱም “ይማርህ” ብሎ ልቡ ቀልሎት ይሄዳል። ድምፁን ደግሞ ከወሎ ሽማግሌዎች ለቅመው ነው ያበጁት፤ ለስለስ ያለ፣ ቸኩሎ የማያውቅ፣ “አብሽሩ” እያለ የሚያጽናና። ሰው እንዳይፈራ ነው ተባለ። ሰው አልፈራም። ሰው እንደ እንግዳ አስተናገደው።

ጠያቂው ከገባ ወዲህ እውነተኛ ጠያቂ ወደ ክፍሎቹ መግባት ቀርቷል። ለአንድ ሕመምተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ይፈቀዳል። በሩ ላይ “የሚጠይቅዎ አለ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

አዋጁን ያወጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይበልጥ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ድሮ ሐኪም የሕመምተኛን ወሬ አይሰማም ነበር። “አመመኝ” ሲሉት “ምንም የለህም” ብሎ የሰደደው ስንት ሰው ቤቱ ገብቶ ሞተ። ሕዝቡ መረረውና አደባባይ ወጣ። ሩቅያ ራሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ “ቃሌ ይሰማ!” እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። የሕመምተኛ ቃል አዋጅ ወጣ፤ ሰዉ እልል አለ። አዋጁ የሕመምተኛው ቃል ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጣል ይላል። “ተሻለኝ” ያለን ሰው ደሙን ለመመርመር እንደገና መውጋት ሰውነቱን መድፈር ነው ይላል። ያን ጊዜ ማንም ሰው፣ ሩቅያም ጭምር፣ የዚህ አገር ሰው ሲጠይቁት ምን ብሎ እንደሚመልስ አላሰበም።

አልጋ አሥራ ሁለት ላይ እማማ አስካለ የሚባሉ የሐይቅ ሴት ተኝተው ነበር። እሳቸውም ስኳር ተነሥቶባቸው ነው። ሙሄ ገና ሲገባ፣ ጠያቂው “እንዴት ነዎት እማማ?” ሲላቸው “ተመስገን ነው ልጄ፣ አንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው?” ብለው መለሱ። መብራታቸው አረንጓዴ ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ አልጋቸው ራሱ ተንከባሎ ወደ ኮሪደሩ ወሰዳቸውና፣ የተሻላቸው ሰዎች ሸኚ ወደሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ልጃቸው እስከ ማታ ከሐይቅ አይደርስም። ሩቅያ ሰባት ሰዓት ላይ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ እማማ አስካለ አግዳሚው ጥግ ላይ ነጠላቸው ፊታቸው ላይ ተሸፍኖ ተቀምጠዋል። እንቅልፍ መስሏት አለፈች። ስትመለስ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች በአንሶላ ይዘዋቸው ሲሄዱ አየች። እጃቸው ላይ የታሰረው የሆስፒታሉ አምባር አሁንም አረንጓዴ ያበራ ነበር።

ሩቅያ የውሃውን ጠርሙስ መሬት ጣለችው።

በሙያዋ የውሃ ማደያ ሰልፍ አስከባሪ ናት። በቀን አምስት መቶ ሰው ትቆጣለች፤ ተራ የሚያጭበረብር ጎረምሳ ከሩቅ ሲያያት ወደ ኋላው ይመለሳል። እየሮጠች ወደ ክፍሉ ገብታ በግድግዳው ላይ ጮኸችበት።

“አልተሻለውም! ሰማህ? ወንድሜ አልተሻለውም! መልሰህ ክፈተው!”

“ጭንቀትዎ ይገባናል እትዬ” አለ ጠያቂው። “ቃሉ ግን የሕመምተኛው ነው። እርስዎ አስታማሚ ነዎት።”

“አሲዱን ለካው! አንዴ ብቻ ለካው!”

“ጋሼ ሙሄ ተሻለኝ ብለዋል። ሰውነታቸውን ማክበር አለብን።”

ማክበር! ሩቅያ በሕይወቷ ይህን ያህል ያቃጠላት ቃል ሰምታ አታውቅም። ወደ ወንድሟ ጎንበስ ብላ ትከሻውን ነቀነቀችው።

“ጋሼ! ተነስ! አሞኛል በል! ‘አልተሻለኝም፣ አሞኛል’ በል!”

ሙሄ ዓይኑን በግማሽ ከፈተ። ታዛዥ ሰው ነው። “አሞኛል ልበል? እሺ” አለ በደከመ ድምፅ። “አሞኛል። አልተሻለኝም።”

መብራቷ ንቅንቅ አላለችም።

“ይህ በምክር የተሰጠ ቃል ነው፤ አልተመዘገበም” አለ ጠያቂው በዚያው ለስላሳ ድምፅ። “ሁለተኛ ሕመምተኛውን ቢመክሩ ከክፍሉ እንዲወጡ ይደረጋል። ጋሼ ሙሄ በአሥር ሰዓት ወደ አግዳሚው ይዛወራሉ። አብሽሩ እትዬ።”

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ጠየቀው። ሩቅያ አፏን በሁለት እጇ አፍና የወንድሟን ከንፈር ታይ ነበር። “በጣም ተሻለኝ። ኧረ እናንተም አረፍ በሉ፣ ዛሬ ብዙ ለፋችሁ” አለ ሙሄ፣ እያለከለከ። በየቃሉ መሃል ትንፋሽ እየወሰደ ነው የተናገረው። ያን ትንፋሽ ማንም የሚቆጥር አልነበረም።

በዚያ ፎቅ ላይ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር ውድነሽ። የሩቅያ እኩያ ናት። ሠላሳ ዓመት የሠራች ነርስ ናት፤ አሁን ግን ሥራዋ አንሶላ መቀየርና ግድግዳው የወሰነውን መፈረም ነው። የሙሄን ትራስ ልትቀይር ስትመጣ ጎንበስ ብላ ትንፋሹን አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ። ሩቅያን በዓይኗ ጠርታ አንሶላውን አቀፈችና ወጣች።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጆሮ የለውም። ሲስተር ውድነሽ በሩን በተረከዟ ገፍታ ዘጋችው።

“ስሚኝ እህቴ፣ ጊዜ የለንም። ስኳሩ ወርዷል፤ አሲዱ ግን አልጠራም። ስኳር ቶሎ ይወርዳል፣ አሲድ ይቆያል። ጠያቂው ሳይገባ፣ እኛ ነርሶቹ ስንሠራ፣ አሲዱ ሳይጠራ ኢንሱሊኑን አንነካውም ነበር። አሁን መዝጋት ማለት ወደ መጣበት መመለስ ነው። ትንፋሹን አየሽው አይደል? ሰውነቱ አሲዱን በአፉ ሊያስወጣ እየታገለ ነው። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ አይነሣም።”

“እማማ አስካለም…”

“እማማ አስካለም። ባለፈው ሳምንትም ሦስት።”

“እና ትፈርሚያለሽ?” አለቻት ሩቅያ። “ሦስት ሰው ሲሞት ፈርመሻል?”

ሲስተር ውድነሽ ዓይኗን አልሰበረችም። “ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ‘ኧረ እኚህ ሰውዬ አልተሻላቸውም’ ብዬ ጮኼ ነበር፤ ሁለት ወር ከሥራ አገዱኝ። ስመለስ የጮህኩላቸው ሰውዬ የሉም። ከፈለግሽ በኋላ ስደቢኝ፣ እሰማሻለሁ። አሁን ወንድምሽን እናድን። ቃሉ ከራሱ አፍ መውጣት አለበት፤ ሳይመከር። አንቺም እኔም እንዲህ በል ልንለው አንችልም። ከራሱ።”

“ወንድሜ ‘አመመኝ’ ብሎ አያውቅም። ጣቱን መርፌ ሲበሳው እንኳ መርፌውን ነው አይዞህ የሚለው።”

“ታዲያ እንዲህ ዓይነት ሰው እውነቱን የሚናገረው መቼ ነው?”

ሩቅያ አሰበች። ማጠቢያው እየተሽከረከረ ነበር። በዕድሜዋ ሙሄ ይሉኝታውን ጥሎ ሲናገር ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በልጅነታቸው አባታቸውን የሰደበ ነጋዴ ላይ። ያን ቀን ሙሄ የልቡን ሁሉ ተናግሮ ነበር፤ ከነጋዴው ጋር ያልተያያዘውን ጭምር።

“ሲናደድ” አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ወደ አልጋው ስትመለስ ሙሄ ዓይኑ ተከድኗል፤ ሁለት ጊዜ ጠርታው በሦስተኛው ነው የሰማት። ሩቅያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት መናኸሪያው ላይ የወደቀው ሸራ የአንተ ስፌት ነበር። ሰው እየሳቀብህ ነው። ዓይንህ አያይም፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ለምን አታርፍም?”

“ልክ ነሽ” አለ ሙሄ። “አርጅቻለሁ።”

“ስስታም ነህ። የአባታችንን ቤት ብቻህን ይዘህ አንድ ቀን ‘ሩቄ ክፍልሽ ይኸው’ አላልከኝም።”

“ውሰጂው እታለም። ቁልፉ ከትራሴ ሥር ነው።”

ሊያስለቅስ ነው ይሄ ሰው! ሩቅያ ጥርሷን ነከሰች። ፈሪ አለችው፣ ሰነፍ አለችው፤ ከማደያው ሰልፍ የተማረችውን ስድብ ሁሉ አወረደችበት። በአጠገቡ ያሉ አስታማሚዎች “ኧረ ተይ፣ በታመመ ሰው ላይ!” እያሉ ተነሡባት። ሙሄ በየስድቡ “እውነትሽን ነው” ይላል። ጠያቂው ዝም ብሏል። አዋጁ ስለ ምክር እንጂ ስለ ስድብ የሚለው ነገር የለም።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አለፈ። አልጋው መንኮራኩሩን ሲፈታ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሊንቀሳቀስ እየተዘጋጀ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጥርሷ ይዛ የኖረችው ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ይዛዋለች፤ በየዓረፋው አብራው ስትበላ ይዛዋለች፤ ከመቃብር በፊት ላታወጣው ለራሷ ምላ ነበር። አሁን ይህ ግድግዳ፣ ይህ ለስላሳ ድምፅ፣ ከአፏ ሊያወጣው ነው። ለዚህም ጭምር ጠላችው።

“ጦይባን የገደልካት አንተ ነህ” አለች።

“ኧረ ተይ” ሲሉ የነበሩት ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

ሙሄ ዓይኑን ከፈተ። ጠዋት ከገባ ጀምሮ እንዲህ ሙሉ በሙሉ ከፍቶት አያውቅም። “ምን አልሽ?”

“ገደልካት። ሦስት ቀን ሆዷን ይዛ ስትቃትት አጠገቧ ተቀምጠህ ጥላ ትሰፋ ነበር። ሰው እንዳናስቸግር፣ ጎረቤት እንዳንቀሰቅስ አልክ። አንጀቷ ፈንድቶ ነው የሞተችው። ለጎረቤት እንቅልፍ ብለህ ሚስትህን ቀበርካት!”

ሙሄ ሊነሣ ሞከረ። ከወገቡ ቀና ብሎ የአልጋውን ብረት ያዘ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሩቅያ ያን ፊት አታውቀውም።

“አንቺ ባለጌ! ዝም በይ! እየሞትኩ ነው እኮ፣ አይታይሽም? ሆዴ እየተቀደደ ነው! ትንፋሽ አጠረኝ፣ ደረቴ ነደደ፣ ዓለም ዞረብኝ! ከጠዋት ጀምሮ እየሞትኩ ነው! አንቺ ደግሞ በዚህ ላይ ጦይባን… ጦይባን…”

መብራቷ ቀይ ሆነች።

አልጋው መንኮራኩሩን ቆለፈ። ከጎኑ ቀጭን መርፌ ወጥታ ደሙን ቀዳች፤ ጠብታው ተከፈተ፤ ሌላ ከረጢት ከላይ ወረደ። በኮሪደሩ የሲስተር ውድነሽ ጫማ ሲሮጥ ተሰማ፤ ለቀይ መብራት ሰው መሮጥ ይፈቀድለታል። እጇን የሙሄ ደረት ላይ አድርጋ ወደ ትራሱ መለሰችው፤ ልቡን አዳመጠች፤ ኢንሱሊኑ ልቡን እንዳያውክበት ፖታሲየም እንዲጨመር አዘዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳው ያለችውን አደረገ።

“ቃልዎ ተመዝግቧል ጋሼ ሙሄ” አለ ጠያቂው። “አሲዱ ከፍ ያለ ነው። ስለነገሩን እናመሰግናለን። አብሽሩ።”

“አንተ ራስህ አብሽር፣ የማትረባ!” ብላ ሩቅያ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ጫማው ነጥሮ የሌላ ሰው አልጋ ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም። ግድግዳው ምልክት እንኳ አልያዘም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ጠብታው ወረደ፤ ስኳሩ ሲቀንስ እውነተኛው ግሉኮስ ተጨመረለት፤ በየሰዓቱ ደሙ ታየ። ቀይ መብራት ላይ ያለን ሰው ጠያቂው አይጠይቅም፤ ይለካል። ሲስተር ውድነሽ ፈረቃዋ ሲያልቅ አልሄደችም። አሲዱ ሲጠራ ሩቅያ ወንበሯ ላይ ራሷን ደፍታ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሙሄ ተቀምጦ የሾርባ ሳህን ይዞ ነበር። ትንፋሹ ረጋ ብሏል፤ የአፉ ሽታ ጠፍቷል፤ ዓይኑ ጥርት ብሏል። ሩቅያ ቀና ስትል ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። “እንዴት አደርሽ” አላላትም። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ለማንም ሰው ያልነፈገውን ሰላምታ ለእሷ ነፈጋት።

ሩቅያ ሌሊቱን የምትለውን ነገር ስታዘጋጅ ነበር። ላድንህ ብዬ ነው፣ ንዴት ነው፣ ከልቤ አይደለም፣ አውፍ በለኝ። ሁሉም ምላሷ ላይ ተሰልፈዋል፤ ለአንዱ ተራውን እስክትሰጥ ነው የሚጠብቁት።

“ያልሽው ከልብሽ ነው?” አለ ሙሄ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።

አፏን ከፈተች። “አይደለም” የምትለው ቃል እየወጣች ነበር፤ ለስለስ ያለች፣ ሁለቱንም የምታሳርፍ ቃል። ትናንት እማማ አስካለን በአንሶላ ይዘዋቸው ሲሄዱ ያየችው ታወሳትና ቃሏን ዋጠችው።

“ከልቤ ነው” አለች። “አሥራ አንድ ዓመት ከልቤ ነው።”

ሙሄ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

“ሐኪም ቤት እንሂድ ብያት ነበር” አለ። “ሁለት ጊዜ ብያታለሁ። ‘ይሄው ተሻለኝ፣ ምን አስቸኮለህ’ አለችኝ። እየዋሸችኝ እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። አመንኳት። ማመን ቀለለኝ።”

“ቀለለህ!” አለች ሩቅያ። ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ትናንት ግድግዳው ላይ ያልጨረሰችው ሁሉ አሁን የሚያርፍበት ገላ ያለው ሰው አገኘ። “አይተህ፣ ሰምተህ፣ አጠገቧ ተኝተህ! ግድግዳ ነህ እንዴ አንተ? ዓይን የለህም? እንዴት ነው አንድ ሰው…”

“አዎ፣ ቀለለኝ” አለ ሙሄ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ ከመስኮቱ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። “አንቺስ? ያኔ፣ ሰኞ ከሰዓት መጥተሽ ጠይቀሻት አልነበር? ብርቱካን ይዘሽ።”

ሩቅያ ዓይኗን ወደ ሾርባው ሳህን መለሰች።

“አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። እኔ ደጅ ሸራ እየቆረጥኩ ድምፅሽን እሰማለሁ። ጠይቀሻታል። ምን አለችሽ?”

ሩቅያ የምትጮህበት ነገር ፈለገች። አዋጁ ነበር፤ ድምፁን ያበጁት ሰዎች ነበሩ፤ የፈረመችው ነርስ ነበረች፤ ሁሉም በየቦታቸው አሉ፣ ሁሉም ጥፋተኞች ናቸው። የጦይባ እጅ ግን ጨርቁን ሆዷ ላይ ጭምድድ አድርጎ ይዞት እንደነበር አሁን ታያት። ያን ቀንም አይታዋለች።

“‘ተሽሎኛል’ አለችኝ።”

“ከዚያስ?”

“ብርቱካኑን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ” አለች።